ማን ይተካው?

ዛሬ ስለ ኳስ ልጽፍ ነው። «አንተም ኳስ ጀመርክ?» የሚለኝ ወዳጅ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥቂት ይታገሠኝ፤ ነገሩ ከኳስ ተነሥቶ ወደ እኛው ጓዳ መግባቱ አይቀርም።

ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ከመገናኛ የተሳፈርኩበት ታክሲ ላምበረትን አልፎ ወሰን ግሮሰሪ ሲያወርደኝ መሽቷል፤ ከየካ ተራራ የሚወርደው የጥቅምት ብርድም ጆሮ ይቆነጥጣል። ከታክሲ መውረጃው ወደ ቤቴ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የኳስ ማሳያ ቤት አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወንበሩ አግዳሚ፣ ግድግዳው በየክለቡ ፎቶግራፍ የተለጠፈ፣ እንደማንኛውም የሰፈር ኳስ ቤት ነው። የዚያን ዕለት ምሽት ግን በውስጡ የታጨቀው ሰው ቴሌቪዥኑን አያይም፤ ሁሉም ፊቱን ወደ መሐል አዙሮ ይከራከራል። ከሰዓት በኋላ ማንቸስተር ዩናይትድ አሰልጣኙን ኤሪክ ቴን ሃግን አሰናብቷል። በዋዜማው በዌስትሃም 2 ለ 1 ተሸንፎ በደረጃ ሰንጠረዡ 14ኛ ላይ ተቀምጧል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ ማን ይተካው?

እኔ የማንም ክለብ ደጋፊ አይደለሁም። ብርዱ ገፍቶኝ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። «ዶክተር፣ እዚህ ይቀመጡ» ብሎ ከአግዳሚው ጫፍ ቦታ የለቀቀልኝ ከስምንት ዓመት በፊት ያስተማርኩት፣ አሁን በአንድ ባንክ የሚሠራ ወጣት ነበር።

ክርክሩን የሚመራው ከአስፋልቱ ማዶ ጎማ የሚጠግነው የሰፈራችን ጎሚስታ ነው። የእጁ ጥቁረት ገና አልለቀቀም። «የሚያስፈልገን አሞሪም ነው» አለ። «ስፖርቲንግ ሊዝበን የሊግ ዋንጫ ሳያይ 19 ዓመት ቆይቶ ነበር። ይህ ሰው መጥቶ በ2021 አስበላቸው፤ በ2024 ደገመው። ዕድሜው ገና 39 ነው። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?» የቀድሞው ተማሪዬ እጁን አነሣ። «ይሁን፤ ነገር ግን እርሱ የሚያጫውተው በሦስት ተከላካይ ነው። እኛ ያሉን የክንፍ አጥቂዎች ለዚያ አጨዋወት የተገዙ አይደሉም። ወይ ሰውየው ሐሳቡን መቀየር አለበት፣ ወይ ክለቡ ተጫዋቹን ሁሉ መሸጥ አለበት።» አንዱ ዚዳንን ጠራ፤ ሌላው «ዚዳን እንግሊዝኛ አይመቸውም» ብሎ ጣለበት። ሳውዝጌት ተጠርቶ በሳቅ ወደቀ። ቫን ኒስትልሮይ ምክትል ሆኖ እዚያው ስላለ ይሞከር ያሉም ነበሩ።

ከጥግ የተቀመጠ አንድ አናጺ፣ የአርሴናል ደጋፊ፣ ትዕግሥትን ሰበከ። «አርቴታ በ2019 ዲሴምበር ሲመጣ እኛም እንደ እናንተ ነበርን። ሁለት ዓመት በተከታታይ 8ኛ ወጣን። ይባረር ብዬ እዚሁ ቤት ጮኼያለሁ። ቀጥሎ 5ኛ፣ ቀጥሎ 2ኛ፣ ቀጥሎ 2ኛ። እኔን ሰምተውኝ ቢሆን የት እንደምንሆን አላውቅም።» አንዱ ማንቼ ይህን ተቀብሎ ፈርጉሰንን አነሣ፤ በ1986 መጥቶ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣው በ1990፣ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያገኘው በ1993 መሆኑን አስታወሰ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሻይ የምታቀርበው ሴት ትሪዋን እንደያዘች ቆማ ታዳምጣለች። በመጨረሻ እንዲህ አለች፤ «ባለፈው ክረምት ለዚህ ሰውዬ ኮንትራት ያራዘሙለት እነማን ናቸው? አራት ወር እንኳ ሳይሞላ አባረሩት። ያኔ ያራዘሙት ተሳስተው ነው ወይስ ዛሬ ያባረሩት? ለአዲሱ ሰው ምርጫስ የሚቀመጡት እነሱው አይደሉም እንዴ?»

ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ተንጫጫ፤ አሁን ግን ስለ አሰልጣኝ ሳይሆን ስለ ባለቤቶቹ ነበር። ስለ ግሌዘር ቤተሰብ፣ በዚያው በ2024 መጀመሪያ ከሩብ የሚበልጠውን ድርሻ ገዝቶ የኳሱን ሥራ ስለ ተረከበው ስለ ጂም ራትክሊፍ፣ ስለ ስፖርት ዳይሬክተሩ ስለ ዳን አሽዎርዝ ይነሣ ጀመር።

ውድ አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ለአፍታ እንቁም። ያን ምሽት ያየሁትን አንድ በአንድ እንቁጠረው። ተከራካሪዎቹ ማስረጃ ያቀርባሉ፤ ዓመተ ምሕረት ይጠቅሳሉ። አንዱ የሌላውን እጩ የሚጥለው ዋንጫውን፣ አጨዋወቱንና ልምዱን መዝኖ ነው። ማንም ስለ አንድ እጩ «የማን ወገን ነው?» ብሎ አልጠየቀም። ሆላንዳዊ ሄዶ ፖርቱጋላዊ ቢመጣ ለጎሚስታው ግድ የለውም። የአርሴናሉ ደጋፊ «ተሳስቼ ነበር» ብሎ በሰው ፊት ተናገረ፤ ስለተናገረም ክብሩ አልቀነሰም። ሻይ አቅራቢዋ ደግሞ ከሹሙ አልፋ ሿሚውን ጠየቀች፤ «አንቺን ምን አገባሽ?» ያላትም የለም። እኔ በሥራዬ ብዙ ጉባኤ ተቀምጫለሁ። እንዲህ ያለ ጉባኤ ግን ብዙ አላየሁም።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። የምናገረው የሚያኮራኝ ነገር አይደለም።

ከዚያ ምሽት በፊት በነበረው ሐሙስ፣ በማስተምርበት ተቋም የኮሌጃችን ዲን ምርጫ ነበር። የቀድሞው ዲን ለምን እንደተነሡ አልተነገረንም፤ አልጠየቅንምም። ሦስት እጩዎች ቀረቡ። እያንዳንዳቸው የሥራ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ተነግሯቸው ነበር፤ ዕቅዶቹ ግን ለእኛ አልታደሉም። የነጥብ መስጫ ቅጽ ታደለን። «የአመራር ብቃት»፣ «ሥነ ምግባር»፣ «ራዕይ» የሚሉ ሣጥኖች አሉበት። ሰብሳቢው «አስተያየት ካለ» አሉ። አንዱ ስልኩን ይነካካል፤ አንዱ በመስኮት ያያል። አስተያየት አልነበረም። ያላነበብኩትን ዕቅድ «ራዕይ» በሚለው ሣጥን ውስጥ ከ20 ነጥብ 16 ሰጠሁት። ከየት አመጣሁት? አላውቅም። ስብሰባው በሃያ ደቂቃ አለቀ። የሰጠነው ነጥብ ተደምሮ ስንት እንደሆነ ሳይነገረን ሰኞ ጠዋት የሹመቱ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው የምታውቁት ነው። በአዳራሹ ውስጥ ያልተነፈሰ ሁሉ በኮሪደሩ ላይ ምላሱ ተፈታ። በኮሪደሩ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሰውየው ምን ሠርተዋል የሚል አልነበረም። «የማን ሰው ናቸው?» የሚል ነበር። እኔም በሹክሹክታው ተካፍያለሁ። እንግዲህ የዶክትሬት ዲግሪ ማለት ቢያንስ «ማስረጃህ የታለ?» ብሎ የመጠየቅ ሥልጠና ነው። የተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ያልተደገፈ ዓረፍተ ነገር የምመልስ ሰው፣ ያላነበብኩትን ዕቅድ በነጥብ አጽድቄ ወጣሁ።

እናም የዚያን ሰኞ ምሽት በወሰን ኳስ ቤት ተቀምጬ፣ የቀድሞው ተማሪዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «መምህር፣ አዲሱ ዲናችሁ በምን ተመርጠው ነው?» አለኝ። ወንድሙ እኛ ዘንድ ይማራልና ወሬውን ሰምቷል። ሻዬን አነሣሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል። «በውድድር ነው» አልኩት። ቃሉ ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«መቼም የኳስ ነገር ሌላ ነው፤ ከሩቅ አገር ክለብ ጋር የአገር ተቋምን ምን ያገናኘዋል?» የሚለኝ ይኖር ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ከማንቸስተር አሰልጣኝ መነሣት ጎሚስታው የሚያጣው እንጀራ የለም፤ ስለዚህም ነፃ ነው። እስኪ እንግዲህ ወደ ቤታችን እንምጣና የራሳችንን አሰልጣኝ ያሰናበትንበትን ጊዜ እናስታውስ።

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በአዲስ አበባ ስታዲየም ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ያለፉበት ዕለት ነው። በዚያ ምሽት ከስታዲየም እስከ ወሰን ድረስ በእግሬ መጥቻለሁ፤ ታክሲ አልነበረም፤ ቢኖርም የሚሳፈር አልነበረም። አሰልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። በደቡብ አፍሪካው ውድድር ቡድናቸው በመጀመሪያው ጨዋታ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጥቶበት በአሥር ሰው የዋንጫውን ባለቤት ዛምቢያን 1 ለ 1 ለያየ። ከዚያ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናንና ደቡብ አፍሪካን አሸነፍን። በቦትስዋናው ጨዋታ ግን ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበት ምንያህል ተሾመ ተሰልፎ ስለነበር ፊፋ ውጤቱን ቀምቶ 3 ለ 0 ለቦትስዋና ሰጠ። ፌዴሬሽኑም ስህተቱን አመነ። ሆኖም ምድቡን በአንደኝነት ጨርሰን ለዓለም ዋንጫ አንድ የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ቀረን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. በገዛ ሜዳችን በናይጄሪያ 2 ለ 1 ተረታን፤ በካላባርም 2 ለ 0። በቀጣዩ ጥር፣ በአገር ውስጥ ለሚጫወቱ ተጫዋቾች በሚደረገው የአፍሪካ ዋንጫ፣ ቻን፣ ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸንፎ አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 ሰውነት ቢሻው ተሰናበቱ።

ያን ሰሞን በታክሲ ውስጥ፣ በካፍቴሪያ፣ በመምህራን ክበብ የተነሣው ጥያቄ ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ? «ፈረንጅ ይምጣ ወይስ ሐበሻ ይሁን?» የሚል ነበር። እኔም በክበባችን ውስጥ ተነሥቼ «ፈረንጅ ካልመጣ ዲሲፕሊን አይኖርም» ብዬ ተከራክሬያለሁ። ሌላው ወገን «የራሳችን ልጅ ይሻላል» ይላል። ሁለታችንም ስለ አሰልጣኝ የምንከራከር መስሎን ስለ ፓስፖርት እንከራከር ነበር። ቢጫ ካርድ የመቁጠር ሥራ በደብዳቤ የተሰጠው ለማን ነበር? ከ17 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዓመት ስንት ጨዋታ ይጫወታሉ? አዲሱ አሰልጣኝ የሚመዘነው በምንድን ነው? በስንት ዓመት ውስጥ? ይህን የጠየቀ በአጠገቤ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፈረንጁ መጡ። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ በዚያው በ2014 ተሾሙ። ባማኮ ላይ ማሊን 3 ለ 2 ማሸነፋቸው አይረሳም፤ ለአፍሪካ ዋንጫ ግን አላለፉም፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይተው በኤፕሪል 2015 ተሰናበቱ። ከዚያ ሐበሾቹ መጡ። ዮሐንስ ሣህሌ፣ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አሸናፊ በቀለ፣ አብርሃም መብራቱ፣ ውበቱ አባተ፣ እንደገና ገብረመድኅን ኃይሌ፣ ከዚያ መሳይ ተፈሪ። ጊዜያዊዎቹን ሳንቆጥር አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሰባት ሹመት። በእያንዳንዱ ስንብት ማግሥት ያው ጥያቄ ተነሣ፤ ማን ይተካው?

ከነዚህ መካከል ጥሩ የሠሩ አሉ። ውበቱ አባተ ቡድኑን ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ አብቅተውታል። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ግብጽን 2 ለ 0 አሸንፈዋል፤ ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ይህ ድል ግን የት እንደተገኘ አስተውሉ። ጨዋታው «በሜዳችን» የሚደረግ ነበር፤ የተደረገው ግን በማላዊ፣ በሊሎንግዌ ከተማ ነው። የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም በአገር ውስጥ ስላልነበረን አስተናጋጅነታችንን በባዕድ ሜዳ ተከራይተን ተወጣን። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያም ሞሮኮ ሄደን እንግዳ ተቀብለናል። በገዛ አገሩ ሜዳ፣ በገዛ ሕዝቡ ጩኸት መካከል የማይጫወት ቡድን፣ ፔፕ ጓርዲዮላ ቢመጣለትስ ምን ይፈይዳል? የመልበሻ ክፍል መብራትና የሣር ጥራት በአሰልጣኝ ሲቪ አይስተካከልም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ መምጣቱ አይቀርም። እኔ ግን በዚህ ተረት ላይ ቅሬታ አለኝ። ብዙ ጊዜ የምንተርተው ለማሰብ ሳይሆን ማሰብ ለማቆም ነው። «ያው ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ብለን እጃችንን አጥፈን ለመቀመጥ ይመቸናል። ጉልቻ ይለያያል። የተሰነጠቀ ጉልቻ ድስት ይደፋል። ይድነቃቸው ተሰማ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫ ያነሣውን ቡድን ሲመሩ የትም የሚገኝ ጉልቻ አልነበሩም፤ ተጫውተው፣ ክለብና ፌዴሬሽን አደራጅተው የመጡ፣ በኋላም ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ካፍን በፕሬዚዳንትነት የመሩ ሰው ናቸው። በዚያው ቡድን አጥቂ የነበሩት መንግሥቱ ወርቁ ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1974 ዓ.ም. ወደ ሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ የሄደውን ቡድን በአሰልጣኝነት መርተዋል። ተጫዋቹ አሰልጣኝ የሚሆንበት፣ አሰልጣኙ ተተኪ የሚያፈራበት አንድ መንገድ ነበረ ማለት ነው። ቀጭን መንገድ ሊሆን ይችላል፤ መንገድ ግን ነበር።

ስለዚህ ተረቱን እንዲህ ብናርመውስ? ጉልቻው ከመለዋወጡ በፊት፣ ለዋጩ ማን ነው? የሚለውጠው በምን መዝኖ ነው? አዲሱ ጉልቻ እሳቱን እስኪለምድስ ስንት ጊዜ ይሰጠዋል? «ማን ይተካው?» የሚለው ጥያቄ ያለ እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ወሬ ነው። ከእነርሱ ጋር ሲሆን ፖለቲካ ይሆናል፤ በመልካሙ ትርጉሙ ፖለቲካ።

ከስድሳ ስድስት እስከ ሰማንያ ሦስት፣ ከሰማንያ ሦስት እስከ 2010 ዓ.ም.፣ በየለውጡ ማለዳ ይህች አገር «ማን?» ብላ ስትጠይቅ ኖራለች። ማንን እንደምንጥል ሁልጊዜ እናውቃለን፤ ማን ይተካ በሚለውም እንጣላለን። ሿሚውን ማን ይጠይቀዋል፣ በምን ይመዘናል፣ መቼ ይወርዳል የሚለው ግን ለነገ ይቀራል። ነገ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሰው ወድቆ ሌላ «ማን?» ይጠብቀናል። ይህን የምለው ለባለሥልጣን ብቻ አይደለም። ስለ ቤተ መንግሥት መጻፍ ይቀላል፤ እኔም በዚህ ገጽ ላይ ብዙ ጽፌያለሁ። ሃያ ሰው በተቀመጠበት የኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ እጅ አንሥቶ «ዕቅዱ ይታደለን» ማለት ግን ከብዶኛል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የሚያስፈራ ወታደር አልነበረም። የፈራሁት በሚቀጥለው ሴሚስተር የሚደርሰኝን የትምህርት ጭነትና የባልደረቦቼን ፊት ነው። ትንንሹን ፍርሃት ያላሸነፈ ሰው ስለ ትልቁ ድፍረት ሲጽፍ፣ አንባቢ ሊጠረጥረው ይገባል።

ደግሞ የሩቁን ክለብ ቅዱስ አድርጌ እንዳቀረብኩት አይታሰብ። የሻይ አቅራቢዋ ጥያቄ በዚያም ሙሉ መልስ አላገኘም። አሞሪም ተሾመ፤ ክለቡ የ2024/25ን የውድድር ዘመን በ15ኛነት ጨረሰ፤ በቢልባኦ የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜም በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። የስፖርት ዳይሬክተሩ አሽዎርዝ ገና በአምስት ወሩ ለቀቀ። ልዩነቱ አንድ ነው። ክለቡ በኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ በመሆኑ፣ ቴን ሃግን፣ ረዳቶቹንና አሽዎርዝን ማሰናበቱ 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳስወጣው በሂሳብ ሪፖርቱ ጽፎ ለማውጣት ተገድዷል። ስህተቱ ዋጋ አለው፤ ዋጋውም ተጽፏል፤ የወሰን ጎሚስታም በስልኩ ሊያነበው ይችላል። የእኛ ስህተቶች ዋጋቸው ስንት ነው? የት ተጽፏል?

በ2018 ዓ.ም. ገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ወሰን መንገድ ዳር በግና ዶሮ በሚሸጥበት ሰሞን፣ አሞሪምም ተሰናበተ። አሥራ አራት ወር ቆየ። ያን ምሽት ወደ ኳስ ቤቱ ገባሁ፤ አሁን እንኳ ብርዱ ሳይሆን ጉጉቱ ነው የገፋኝ። ጎሚስታው እንዳየኝ «ዶክተር፣ አሞሪም ይምጣ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ተሳስቻለሁ» አለ፤ ሳልጠይቀው። የቀድሞው ተማሪዬ «ሦስት ተከላካይ ብዬህ ነበር» አለው። ተሳሳቁ። ከዚያም አዲሱን እጩ መመዘን ጀመሩ፤ ካለፈው ስህተታቸው ተነሥተው። ሻይ አቅራቢዋም ትሪዋን እንደያዘች ያንኑ ጥያቄ ደገመች። ገና መልስ እየጠበቀች ነው።

እኔም ለቀድሞው ተማሪዬ ከአንድ ዓመት በላይ የዘገየ መልስ ነበረኝ። ባለፈው የትምህርት ዘመን መጨረሻ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ስንመርጥ ያው ቅጽ ታደለ። እጄን አነሣሁ። ድምፄ እንደ አንደኛ ዓመት ተማሪ ተንቀጠቀጠ። «የእጩዎቹ ዕቅድ ይታደለን፤ ነጥቡም ተደምሮ እዚሁ ይነገረን» አልኩ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ረጅም ዝምታ ሆነ። ከኋላዬ አንዲት ወጣት መምህርት «እኔም እስማማለሁ» አለች፤ ከዚያ አንድ ሌላ። ዕቅዱ ታድሎ ተነበበ፤ ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ብዙዎቹ ተቆጡን። ውጤቱ እዚያው አልተነገረም፤ «ለበላይ አካል ይላካል» ተባለ። የተሾሙትም ቀድሞ በኮሪደር ስማቸው ሲጠራ የነበሩት ናቸው። እንዲያውም ዕቅዳቸውን ሳነብ ከሦስቱ የተሻሉት እርሳቸው ሆነው አገኘኋቸው። ሳላነብ ቢሆን ግን «የማን ሰው ናቸው?» እያልኩ እወጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። «በቃ?» አለኝ። «በቃ፤ ለጊዜው» አልኩት። ጥቂት አሰበና «ቢያንስ አሁን ምን እንዳሉ ተጽፏል፤ በዓመቱ መጠየቅ ትችላላችሁ» አለ። የባንክ ሰው ነውና የተጻፈ ነገር ያምናል።

የሰፈሬ ስም ወሰን ነው። አንድ ነገር የሚያበቃበትና ሌላው የሚጀምርበት ማለት ነው። በኳስ ቤቱ በርና በሥራ ቤቴ በር መካከል ያለውን ወሰን ያሠመረው መንግሥት ብቻ እንዳልሆነ እነሆ ዘግይቼም ቢሆን ገባኝ፤ ግማሹን ያሠመርነው እኛው ነን። ውድ አንባቢዬ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ባንተም መሥሪያ ቤት፣ በዕድራችሁ፣ በልጆችህ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አንድ ሰው ይነሣና ሌላ ይሾም ይሆናል። «ማን ይተካው?» ብለህ ከመከራከርህ በፊት የሻይ አቅራቢዋን ጥያቄ ይዘህ ግባ።

ቸር ይግጠመን።